በማርያም የቆጠርኩት የወር አበባ

እኔ ቀን የምቆጥረው በታቦት ነው። ዛሬ ስንት ነው ብትሉኝ፣ አስራ ዘጠኝ ከምላችሁ ገብርኤል ነው ማለት ይቀለኛል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ አስራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። እዚህ አገር የመንግሥቱ ቀን የፈረንጅ ነው፣ የጾማቸውና የበዓላቸው ቀን ደግሞ በጨረቃ ነው። ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ፤ ወር የሚመስለኝ ግን የራሴው፣ ሠላሳ ቀን ሞልቶ የሚወጣው ነው።

የወር አበባዬንም የቆጠርኩት እንዲሁ ነው። ልጅ ሆኜ፣ እዚያ ቋራ ቆላው ላይ መጀመሪያ ሲመጣብኝ ቀኑ ሚካኤል ነበር። እናቴ «ያንቺ በሚካኤል ነው፣ እንግዲህ ሚካኤልን ጠብቂ» አለችኝና ጨርቅ ሰጠችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የሚገርመው ነገር እውነት ሆነ። የኔ ገላ ሠላሳ ቀን የሚቆጥር ገላ ነውና በየወሩ ሚካኤል ሲሆን ይመጣል። ጳጉሜ ብቻ ትረብሸዋለች። አምስት ቀኗን ትሰነቅርና አዲስ ዓመት ሲገባ ከሚካኤል ወደ ሥላሴ ይሸሻል። እኔም ታቦቱን ቀይሬ መቁጠሬን እቀጥላለሁ።

ሴት ሁሉ እንዲህ ናት ብዬ ነው የኖርኩት። ባል አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ባሌን ፈትቼ እንኳ የተለየ ነገር የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ጉዳይ አፍ አውጥቶ የሚያወራ ሰው እኛ ዘንድ የታለ።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው። አባቷና እኔ ሰሊጥ አጨዳ ብለን ተሻግረን መጣን፤ እሱ ተመልሶ መተማ ሌላ ትዳር ያዘ፣ እኔ ገዳሪፍ ቀረሁ። በሰሊጥ ገበያው አጥር ሥር ከሰል አያይዤ ሻይ እሸጣለሁ። ልጄ አማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች፣ አንዳንዴም ስትስቅ እንኳ እንደ ሱዳኖቹ ነው የምትስቀው። እኔን በአስራ አምስት ዓመቴ ነው የዳሩኝ። እሷን ግን ተምራ ሳትጨርስ ለማንም አልሰጥም ብዬ፣ ገና ፊደል ሳትለይ ጀምሮ ቃል ገብቼላታለሁ። በሕይወቴ የገባሁት ቃል ይሄ ብቻ ነው።

አስራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ ኅዳር ጽዮን ጠዋት፣ ነጭ ቀሚሷን ተኩሼ አልጋው ላይ ዘረጋሁላት። አልለብስም አለች። ሆዴን አመመኝ ትላለች። እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴ ይቀድመኛል። «ሰርግ ቢሆን ኖሮ ሆድሽን ረስተሽው ቀድመሽኝ ትወጪ ነበር» ብዬ፣ በለበሰችው ጥቁር ቀሚስ እንዳለች እጇን ይዤ ጎተትኳት። ራክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ እጇን ከእጄ መንጭቃ ግድግዳው ሥር ቆመች።

«ዩማ፣ እኔ አልገባም» አለች። እናቴ ማለቷ ነው፤ ስትፈራ ዓረብኛው ይቀድማታል።

«ምን ሆነሽ ነው የማትገቢው?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጠዋት ደም አየሁ አለችኝ። እኛ ዘንድ ሴት ደም ላይ ስትሆን ቤተ መቅደስ አትገባም፣ ከውጭ ቆማ ነው የምትሳለመው። ልጄ ይሄን ታውቃለች፤ ነጩን ቀሚስ ለምን እንደፈራችው የገባኝም ያኔ ነው። ነጠላዬን አውልቄ ወገቧ ላይ አሰርኩላት፣ ግንባሯን ሳምኩ፣ «ጎትቼ ያመጣሁበትን እጄን ይቁረጠው» አልኳት። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ፣ እሷ ሳቀችብኝ።

ቅዳሴውን ትተን ቤት ተመለስን። ያቺኑ ነጠላ ቆርጬ ስድስት ጨርቅ አዘጋጀሁላት፤ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ አሳየኋት። አጣጥፈን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ከዚያ እናቴ ያለችኝን አልኳት። «ያንቺ በማርያም ነው። በየወሩ ሃያ አንድን ጠብቂ።»

በወሩ በገብርኤል መጣባት። ሁለት ቀን ቀድሟል። «ምነው ቸኮልሽ፣ እመቤቴን ትቀድሚያታለሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። ጥር ላይ ማርያም መጥታ ሄደች፣ ደሙ የለም። ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መጣ። የጥር ወሩ ነው፣ ዘገየ እንጂ አልቀረም አልኩ። የካቲት ማርያም አለፈች። ከሦስት ቀን በኋላ ቆርቆሮውን ስከፍተው ስድስቱም ጨርቆች እንደታጠፉ ናቸው። አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ለሷ ግን ምንም አላልኳትም።

ያን ዓመት የኛ ሁዳዴና የነሱ ረመዳን በአንድ ቀን ነው የገቡት። ሰፈሩ ሁሉ በየፊናው ጾመኛ ሆነ። ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣው ሰው ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ስለሰፈረ ልጆቹ የመልቀቂያ ፈተናቸውን የሚያጠኑት በየቤቱ ተሰብስበው ነበር። ልጄ ጠዋት ወጥታ እሩቅ ሰፈር አንዲት ጓደኛዋ ቤት ትውላለች። ድሮ በዘጠኝ ሰዓት ትመለስና ዕቃዬን ወደ ገበያው ታደርስልኝ ነበር። በረመዳን ቀን ሻይ የሚጠጣ ስለሌለ ሥራዬ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት በኋላ ሆኗል። እሷም መግሪብ ካላለፈ አትመጣም። ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ በቀጥታ ወደ ሻይ መሸጫዬ ትመጣለች።

«የት ቆየሽ?»

«እያጠናን ነበር።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

ክሳቷ በየቀኑ ይጨምራል። የእጇ አምባር እስከ ክርኗ እየወጣ ይወርዳል። ምግብ ሳቀርብላት ሁለቴ ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች፣ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል። አንድ ቀን በመግሪብ መጥታ አስመለሳት። ጀርባዋን እያሻሸሁ ማርያም ስንት ቀን እንደቀራት አሰላሁ። የመጋቢት ማርያም በዋለች ማግስት ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ጨርቆቹ እንደታጠፉ ነበሩ። ሁለት አልኩ።

ሁለት ወር የቀረባት ሴት ልጅ፣ እየመሸባት የምትገባ፣ የሚያስመልሳት፣ የምትተኛ። እኔ ያደግኩበት አገር ይሄን ለመተርጎም ጠንቋይ አያስፈልግም። እግዜር ይይልኝ፣ ማንም ሹክ ያለኝ የለም፣ ራሴው ቆጥሬ ራሴው ነኝ የፈረድኩት።

መተማ ያለችው የአባቷ እህት «ልጅቷን አምጫት፣ ጨዋ ሰው ተገኝቶላታል» እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። ሁልጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቼባት ነው የማበቃው። ያን ቀን ግን ራሴ ደወልኩላት። ድንበሩ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ያን ሳምንት ተከፍቷል ተባለ። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ በዶካ አድርገን ድንበሩ ላይ ገላባት፣ ከዚያ በእግር ወደ መተማ መሻገር። ሆዷ ሳይገፋ፣ ሰው ሳያውቅ ልድራት። ቃሌን እንዲህ አድርጌ በላሁት። ሻንጣ አውጥቼ ልብሷን መክተት ጀመርኩ፤ ቀሚሶቿን፣ ሻርፖቿን፣ ያን ነጭ ልብሷን።

እኩለ ቀን ላይ፣ ደብተር ረስታ ኖሮ፣ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሻንጣውን አየች።

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። ነገ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ።»

አክስቷ ዘንድ ምን እንዳለ ታውቃለች። ፊቷ ነጣ። «ምን አደረግኩ?» አለች።

«እኔን ነው የምትጠይቂው? ሁለት ማርያም አለፈሽ። እየመሸ ትገቢያለሽ። ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«ወላሂ ማንም የለም።»

«ወላሂ አትበይኝ፣ ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች። እንባ አልወጣትም፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ለጥቂት አምኛት ነበር፤ ዓይኔ ግን ቆርቆሮው ላይ ነበር። ጮህኩባት። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፣ ያፈርኩበት ይበቃኛል።

ጩኸቴን ሰምታ ዳያዋ መጣች። ዳያ እዚህ አዋላጅ ማለት ነው። በግቢያችን ማዶ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀለች፣ ታላቅ እህቴን የምታክል ሴት ናት። ቤቷን ትታ ስትወጣ ያልተለያት የሥራ ቦርሳዋ ብቻ ነው። ገበያ ላይ የለቀምኳት ዓረብኛ ለዚህ ነገር አትበቃም፣ ቢሆንም «ሁለት ወር» የሚለውን አውቀዋለሁ። ሁለት ጣቴን አሳየኋት። ሁለታችንን አየት አደረገችና ልጄን እጇን ይዛ ወደ ክፍሏ ወሰደቻት። ዳያዋ ስትወጣ የሽንት መመርመሪያ በእጇ ይዛ ነበር።

«አንድ መስመር» አለችኝ። አንድ መስመር እርግዝና የለም ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ይመጣ እንደሆነ ብዬ አፍጥጬ ቆየሁ። አልመጣም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግትር ነኝና «ታዲያ የት ሄደ?» አልኩ።

ዳያዋም አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ታወራለች፣ ልጄ ደግሞ ቆማ ትተረጉምልኛለች። ስለ ገዛ ገላዋ፣ አሁን ለሰደበቻት እናቷ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፣ አንዲት ቃል ግን አላስቀረችም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጭንቅላት ነው አለችኝ። ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታክል እጢ አለች። እሷ በደም በኩል መልእክት ትልካለች፣ መልእክቱ ሆርሞን ይባላል። መልእክቱን የሚቀበሉት በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። አንዲት እንቁላል ማሳደግ ይጀምራሉ፤ እነሱም በተራቸው የራሳቸውን ሆርሞን ይልካሉ፣ በዚያ የማኅፀን ውስጠኛው ግድግዳ እንደ ፍራሽ እየወፈረ ይሄዳል። ሆርሞኑ ወደ ጭንቅላትም ተመልሶ ይናገራል። እንቁላሏ ደርሳ ስትወጣ፣ የወጣችበት ስፍራ ሌላ ሆርሞን እያመነጨ ያን ፍራሽ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ ያቆየዋል። ፅንስ ካልተያዘ ጠባቂው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ፍራሹ ይፈርሳል፣ ደም ሆኖ ይወጣል። ስማቸውን ሁሉ ነግራኝ ነበር፣ እኔ አልያዝኳቸውም።

እኔ የገባኝ በባለ ካሮው ነው። በአህያ ጋሪ ውኃ የሚያመላልስልኝ ሰው አለ። በርሜሌ ሲጎድል እልክበታለሁ፣ ሲሞላ ይበቃል እለዋለሁ። «እንደሱ ነው?» አልኳት። ዳያዋ ሳቀች። «እንደሱ ነው። ግን ባለ ካሮሽ ቤትሽን ሳይለምድ በፊት በስንት ቀን ነበር የሚመጣው?» አለችኝ። አስታወስኩ። በመጀመሪያው ዓመት አንዴ በሳምንቱ፣ አንዴ በአስር ቀኑ፣ አንዴም ጭራሽ ጠፍቶ በጥም ፈጅቶኛል። የልጅሽም ገላ ገና አዲስ ነው አለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንቁላል በየወሩ አትወጣም፤ ሃያ አንድ ቀንም፣ አርባ አምስት ቀንም ቢሆን ለሷ ደህና ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከጠፋ ግን ሐኪም ዘንድ ይዘሻት ሂጂ።

ከዚያ መጨረሻ የመጣባትን ቀን ጠየቀቻት። ልጄ ቀኑን የጻፈችበትን ደብተር ገልጣ ቆጠረች። ሃምሳ ሦስት ቀን። እኔ ሁለት ማርያም እያልኩ የካቲትን የቀረ አደረግኩት እንጂ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ከመጣባት እስከ የካቲት ማርያም ሃያ ሁለት ቀን ብቻ ነበር። አንድ የዘገየውን ሁለት የቀረ አድርጌ ነው ሻንጣ ያወጣሁት። ማርያም ምን በደለች፣ እኔ ነኝ እንጂ የራሴን ገላ የሴት ሁሉ ገላ ያደረግኩት።

ዳያዋ ግን አልጨረሰችም። የልጄን አምባር ክንዷ ላይ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ «ምን እየበላሽ ነው?» አለቻት። ይሄን ልጄ አልተረጎመችልኝም፣ ግን ገባኝ። መሬት መሬት እያየች መለሰች። ዳያዋ ደግማ ጠየቀቻት። ከዚያ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ ሳቋ አልቆም አላት፣ ዓይኗን ጠረገች።

«ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ» አልኩ።

ልጄ ሁለቱንም ጾም ስትጾም ነው የከረመችው። የሚያጠኑበት ቤት ሁሉም ጾመኛ ነው፤ በነሱ ፊት መብላት አፍራ እኔም እጾማለሁ ትላቸዋለች። ከንጋት እስከ መግሪብ እህልም ውኃም አፏ አይገባም። በመግሪብ የጓደኛዋ እናት ምግብ ሲያቀርቡ ደግሞ ሥጋ አለበት፣ ወተት አለበት፣ እሷ ሁዳዴ ላይ ናት። ሦስት ተምርና በማሽላ የሚሠራውን የረመዳን መጠጥ ትቀምስና ወደኔ ትሮጣለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሆዷ ተኮማትሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሰለምሽ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እውነቷን ነው፣ እል ነበር። አንድ ሆድ ይዛ የሁለት አገር ጾም ስትጾም እኔ የወንድ ስም እጠይቃታለሁ። ዳያዋ ገላ ረሃብ ሲሰማው ጭንቅላት ያቺን መልእክት መላክ ይተዋል፣ ዘንድሮ እንግዳ አልቀበልም እንደማለት ነው ብላ አስረዳችኝ። እኔ መስማቴን ትቼ ተነስቼ ነበር። ፉል ቀቅዬ፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሼበት፣ እዚያው በእኩለ ቀን ፊቷ አቀረብኩ። «ብዪ። የቀረውን ጾምሽን እኔ እጾምልሻለሁ» አልኳት። በላች። ዳያዋ ጾመኛ ናትና ፊቷን አዙራ ስትጠብቅ፣ እኔ ስታላምጥ አየኋት። ይቅር በይኝ አልኳት፤ «እሺ» አለች። እሺ ብቻ።

ሻንጣውን በእግሬ ገፍቼ አልጋው ሥር ከተትኩት። ለአክስቷም ደውዬ አትመጣም አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችንም ስለ ሻንጣው አላነሳንም። ልጄ በጊዜ ትገባለች፣ ዕቃዬን ታደርሳለች፣ ትበላለች። ስለ ወር አበባዋ ግን ለኔ ትንፍሽ የለም። ሲያማትም ሲመቻትም ዳያዋ ዘንድ ነው የምትሄደው። ቆርቆሮውን ሁለተኛ አልከፍትም ብዬ ስለማልኩ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ቅናት የሚሉት ይሄን ነው፤ ያደረስኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ረመዳን ወጣ፣ ፋሲካም ዋለ። ግንቦት ልደታ ጠዋት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ ልጄ ጥቁሩን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አየኋት፣ ምንም አልጠየቅኩም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ኅዳር ላይ የቆመችበት ግድግዳ ሥር ሄዳ ቆመች።

«ዛሬ ነው የመጣው» አለችኝ። ዓይኗ ሳቅ አለበት። «ማርያም ናት ያው፤ ሃያ አንዱን ለልደቷ ለውጣው ነው።»

ለኔ ነው የነገረችው። ለዳያዋ ሳይሆን በመጀመሪያ ለኔ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገቧ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ፣ ቅዳሴው ሊያልፍሽ ነው» አለችኝ።

«እዚሁ ይሰማኛል።»

የሰፈራችን ሴት ልትገባ ስትል አየችን። «አንቺም?» አለችኝ፣ ከውጭ መቆሜን አይታ። «እኔም» አልኳት። በቤተ ክርስቲያን በር ዋሸሁ፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ልጄ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ሴትዮዋ ከገባች በኋላ እጇን ያዝኩ። ቅዳሴውን ሰማን።

«እማ» አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ «ያን ሻንጣ ያን ዕለት ማታውኑ ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

«ምን አየሽ?»

«ሁሉንም ልብሴን ከትተሽዋል። ዩኒፎርሜ ብቻ የለም።»

ረስቼው ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልረሳሁትም። ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አይቼው፣ እዚያ ምን ያደርግላታል ብዬ ነው ያለፍኩት። «አዎ» አልኳት፣ «አልከተትኩትም።»

እጇን ግን ከእጄ አላወጣችም። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆምን።